አምፖል ቀይሮ ጄኔሬተር አለማጥፋት፦ የኮኪት እርሻ ካምፖች የመብራት ሂሳብ



የዛሬው ጽሑፍ የዋጋ ሳይሆን የወጪ ነው። ከሰሊጥ ትርፋችሁ ጋር ግን በቀጥታ ስለሚገናኝ እስከ መጨረሻው አንብቡት። በተለይ ኮኪት፣ ገንዳ ውኃ፣ መተማ ዮሐንስና ቋራ በኩል እርሻ ያላችሁ፣ ለአልሚ ቅድሚያ ብር የምትሰጡ ነጋዴዎች፣ ግብዓት በጋራ የምትገዙ ዩኒየኖች፣ ለእናንተ ነው።

ጥያቄው ቀላል ነው። የእርሻ ካምፕ መብራት ወደ ኤልኢዲ አምፖል ቢቀየር ስንት ብር ይተርፋል? ብዙ ሰው "ኤልኢዲ 6 እጥፍ ይቆጥባል" ሲባል ይሰማና የናፍጣ ወጪውም በዚያው ልክ የሚወርድ ይመስለዋል። አይወርድም። ለምን እንደማይወርድ፣ ምን ቢደረግ እንደሚወርድ በቁጥር እንየው።

መስመሩ ከላይ ያልፋል፣ ካምፑ በጄኔሬተር ያድራል

አካባቢውን ለማታውቁ፦ ኮኪት ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከገንዳ ውኃ አለፍ ብላ ያለች የምዕራብ ጎንደር ከተማ ናት። ዙሪያዋ ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ጥጥ፣ አኩሪ አተርና ማሾ የሚመረትበት ቆላ ነው። ከጎንደር ተነስቶ በሸኸዲ (ገንዳ ውኃ) በኩል ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚሻገረው ባለ 230 ኪሎ ቮልት የኃይል መስመርም በዚሁ አገር ያልፋል። መስመሩ ሥራ የጀመረው በ2006 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

እንግዳ ሰው ይህን ምሰሶ አይቶ "እዚህማ መብራት ሞልቷል" ይላል። ግን ያ መስመር ለአገር የሚሆን ኃይል የሚሸከም ነው። ከሱ ላይ ለአንድ እርሻ መቀጠል አይቻልም። ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ዝቅተኛ መስመር፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ከተሞቹ ቆጣሪ አላቸው፣ እየጠፋም ቢሆን መብራት አላቸው። ከአስፋልቱ ገባ ብለው ያሉት ሰፋፊ የእርሻ ካምፖች ግን አብዛኞቹ በጄኔሬተር፣ በእጅ ባትሪና በትናንሽ የሶላር ፋኖሶች ነው ክረምቱን የሚያሳልፉት።

ስለዚህ የኤልኢዲ ሂሳብ ሁለት ዓይነት ነው። ቆጣሪ ላለው አንድ ነው፣ ጄኔሬተር ላለው ሌላ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ ማስላት ነው ሰውን የሚያሳስተው።

ቆጣሪ ላላችሁ፦ ነገሩ ያለቀለት ነው

መጋዘን፣ ማበጠሪያ፣ ቢሮ ወይም ሱቅ ከተማ ውስጥ ያላችሁ ብዙ አታስቡ። አንድ ባለ 60 ዋት አሮጌ አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ጥሩ ኤልኢዲ በ8 ወይም 9 ዋት ይሰጣል። 10 አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ አሮጌው በወር 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። ኤልኢዲው 13.5 ብቻ። ልዩነቱ 76.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ በየወሩ።

አሮጌው አምፖል 1,000 ሰዓት አካባቢ ሠርቶ ይቃጠላል። ደህና ኤልኢዲ 15,000 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለ4 ዓመት በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ማለትም ዛሬ የምትቆጥቡት ኪሎ ዋት ነገ የሚያድናችሁ ብር ከዛሬው ይበልጣል።

አገራችን ይህን መንገድ አንድ ጊዜ ሄዳበታለች። ከ2001 ዓ.ም. የመብራት ፈረቃ በኋላ መብራት ኃይል በዓለም ባንክ ድጋፍ "አሮጌውን አምጡ፣ ቆጣቢውን ውሰዱ" ብሎ ቆጣቢ አምፖል (ያ ጥምዝምዙ) በሚሊዮን የሚቆጠር ማደሉን ታስታውሳላችሁ። ያኔ የተፈለገው ምሽት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያበራ የሚፈጠረውን ጭነት መቀነስ ነበር። ኤልኢዲ የዚያ ታናሽ ወንድም ነው፣ ከታላቁ ያነሰ ይበላል፣ ውስጡም ሜርኩሪ የለውም። ቆጣቢ አምፖል እህል ባለበት መጋዘን ውስጥ ቢሰበር ሜርኩሪው ጣጣ ነው። ምግብ ለሚልክ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ጄኔሬተር ላላችሁ፦ እዚህ ጋ ቆም በሉ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ለምሳሌ የሚሆን መካከለኛ ካምፕ እንያዝ።

12 አምፖል አለ፦ ማብሰያው፣ መመገቢያው፣ የሠራተኛው ማደሪያ ዙሪያ፣ መጋዘኑ፣ ሚዛኑ፣ መኪና ማቆሚያው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ሁሉም ይበራል። ከ6 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ጥበቃው ጋ ያሉት 3 ቢቀጥሉ ጥሩ ነበር፣ ግን ናፍጣ ስለሚያልቅ ብዙ ቦታ 6 ሰዓት ላይ ሁሉም ይጠፋል።

ጄኔሬተሩ ባለ 5 ኬቪኤ ናፍጣ ነው እንበል። ለስሌት በሰዓት 1 ሊትር ይጠጣል ብለን እንያዝ። 5 ሰዓት፣ 5 ሊትር። የናፍጣ ይፋዊ ዋጋ በመስከረም 2017 መጨረሻ 90 ብር፣ በታህሳስ 2017 መጨረሻ ደግሞ ወደ 99 ብር ገደማ ደርሶ ነበር። በማደያው ዋጋ ላይ ካምፕ እስኪደርስ በርሜል፣ ትራንስፖርትና እንግልት ይጨመርበታል። ለሂሳብ እንዲመቸን ሊትሩን 100 ብር ብቻ እንያዘው። የናንተ ከዚያ በላይ ከሆነ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

በሌሊት 500 ብር። ከሰኔ አጋማሽ ዘር እስከ ህዳር አጋማሽ ጭነት ድረስ 150 ሌሊት ብንል 75,000 ብር።

እንግዲህ አልሚው 12ቱንም አምፖል ወደ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ቀየረ። ጭነቱ ከ720 ዋት ወደ 108 ዋት ወረደ። 85 በመቶ ቅናሽ ነው! ናፍጣውስ? በሰዓት ከ1 ሊትር ወደ 0.8 ሊትር ቢወርድ ትልቅ ነገር ነው። በሌሊት የዳነው 1 ሊትር፣ 100 ብር።

ለምን? ሞተሩ አምፖል ቢሸከምም ባይሸከምም ራሱን ለማዞር ብቻ አብዛኛውን ናፍጣ ይጨርሳል። ባዶውን ከጎንደር የተነሳ ኤንትሬ አስቡት። ጭነት የለኝም ብሎ ያለ ነዳጅ አይመጣም።

የባሰም አለ። የናፍጣ ሞተር ከአቅሙ በጣም ባነሰ ጭነት ለረዥም ጊዜ ሲሠራ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም። ጥቀርሻ ይይዛል፣ በጭስ ማውጫው ዘይት ያንጠባጥባል፣ ዕድሜው ያጥራል። 108 ዋት ለባለ 5 ኬቪኤ ምኑም አይደለም። አምፖሉን ቀይሮ ትልቁን ጄኔሬተር ማስነሳት የቀጠለ ሰው ትንሽ ናፍጣ አዳነ፣ ሞተሩን ግን ጎዳ።

"ኤልኢዲ አስገባን፣ ለውጥ አላየንም" የሚሉ አልሚዎች አሉ፣ እውነታቸውን ነው። አምፖሉ ግን ሥራውን ሠርቷል። ቁጠባውን የበላው ያልጠፋው ሞተር ነው።

ትክክለኛው ትርፍ፦ ጄኔሬተሩ ማታ ሲተኛ

ጄኔሬተሩ ማታ ጨርሶ እንዳይነሳ ማድረግ የሚቻለው በሶላርና በባትሪ ነው። ሶላሩን የሚቻል ዋጋ ላይ የሚያወርደው ደግሞ ኤልኢዲ ነው። እንዴት?

በአሮጌው አምፖል እናስላ። 12 አምፖል በ60 ዋት ለ5 ሰዓት 3,600 ዋት ሰዓት። 3 የጥበቃ አምፖል ለ6 ተጨማሪ ሰዓት 1,080። ስልክ መሙላትን አትርሱ፣ ሠራተኛው ካምፕ ሲመርጥ ምግብና ውኃ ከጠየቀ በኋላ ሦስተኛው ጥያቄው "ቻርጅ አለ?" ነው። 30 ስልክ እያንዳንዱ 10 ዋት ሰዓት ቢወስድ 300። ድምሩ ወደ 5,000 ዋት ሰዓት።

በኤልኢዲ ደግሞ፦ 540፣ ሲደመር 162፣ ሲደመር 300። ድምሩ 1,000 ዋት ሰዓት።

በክረምት ደመና ስላለ ጥሩ ፀሐይ በቀን 4 ሰዓት ብቻ እንቁጠር፣ በሽቦና በባትሪ 30 በመቶ ይባክናል እንበል። ለአሮጌው አምፖል 1,800 ዋት የሚጠጋ ፓኔል ያስፈልጋል። ለኤልኢዲው 360 ዋት ገደማ፣ 400 ብለን እንዝጋው። ባትሪውም እንደዚያው ነው፦ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ግማሹን ብቻ መጠቀም ስላለብን ለአሮጌው 8 ወይም 9 ባትሪ፣ ለኤልኢዲው 2።

እዚህ ላይ ነው የአምፖሉ 85 በመቶ ቁጠባ ወደ ኪስ የሚገባው። 9 ባትሪ የሚገዛ አልሚ የለም። 2 ባትሪ የሚገዛ ግን አለ። 6 ሰዓት ላይ የሚጠፋው የጥበቃ መብራትም እስከ ንጋት ይበራል፣ ያለ ተጨማሪ ናፍጣ።

ጄኔሬተሩን ሽጡ አላልኩም። ቀን ለብየዳ፣ ለውኃ መሳቢያ፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ለጠፋ ጊዜ ይቆይ። ማታ ማታ ግን ይተኛ።

በሰሊጥ ሲመነዘር

ብሩን ወደ እኛ ቋንቋ እንቀይረው። ሰሊጥ ለስሌት በኩንታል 15,000 ብር ያዙት (የዛሬ ዋጋ አይደለም፣ ለሂሳብ ነው)። 75,000 ብር 5 ኩንታል ሰሊጥ ነው። በሄክታር 5 ኩንታል ለሚያገኝ ሰው አንድ ሄክታር ሙሉ ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ ሁለት ጊዜ ታርሞ፣ ታጭዶ፣ ተራግፎ በሙሉ ለማታ መብራት ሄደ ማለት ነው።

200 ሄክታር ላለው ይህ ከመቶ ግማሽ ነው፣ ከአረም ማረምና ከአጨዳ ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ እውነቱን እንነጋገር። 20 ሄክታር ተከራይቶ ለሚያርስ ሰው ግን ከ20 አንዱ ነው። ካምፕ ትንሽ ቢሆንም ጄኔሬተሩ የሚጠጣው ከትልቁ ብዙም አያንስም። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ከትልቁ አልሚ ይልቅ መካከለኛውንና ትንሹን ይነካል።

የሰሊጥ ዋጋን ኮኪት ሆነን አንወስነውም። ዋናዋ ገዢ ቻይና ናት፣ አቅራቢው ደግሞ በዝቷል። ሱዳን በጦርነት ውስጥ ሆናም ታቀርባለች፣ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያና ኒጀር አሉ፣ ብራዚልም ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ የቻይና በር ተከፍቶላት በማሽን የታጨደ ሰሊጥ ይዛ ገብታለች። ዋጋ ሲወርድ መጀመሪያ የሚወድቀው በኩንታል ብዙ ወጪ ያለበት ሰው ነው። እኔ ገዢና ሻጭ የማገናኝ ሰው ነኝ፣ "በዚህ ዋጋ ብሸጥ እከስራለሁ" የሚለውን ቃል በየዓመቱ እሰማለሁ። ያንን ቃል የሚያመጡት እንዲህ ያሉ ትናንሽ ወጪዎች ተደማምረው ነው።

የናፍጣ ጣጣ ዋጋ ብቻ አይደለም። በጀሪካንና በበርሜል መቅዳት የፈቃድ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ማደያ ላይ ወረፋ አለ፣ መንገድ የሚዘጋበት ሳምንት አለ። አጨዳ ላይ ናፍጣ ሲያጥር ትራክተሩና ጄኔሬተሩ ለአንድ በርሜል ይሻማሉ። በ150 ሌሊት 750 ሊትር ለመብራት ካልወጣ ያ ናፍጣ ለትራክተር ይሆናል። የደረሰ ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ፍሬው ተሰንጥቆ መሬት ላይ ይራገፋል፣ የተራገፈውን ማንም አይለቅመውም።

መብራቱ የት ይሰቀል? የጤናም የምርትም ነገር ነው

ቆላው ላይ መብራት የሚሰበስበው ሰው ብቻ አይደለም። በራሪ ነፍሳት በተለይ ወደ ነጭ፣ ሰማያዊ ወደሚያደላና አልትራቫዮሌት ወደሚረጭ ብርሃን ይሳባሉ። ተራ ኤልኢዲ አልትራቫዮሌት እምብዛም ስለማይረጭ ከፍሎረሰንትና ከድሮ የሜርኩሪ ፓውዛ ያነሰ ነፍሳት ይጠራል። ቢጫማው ኤልኢዲ ደግሞ ከነጩ ያነሰ ይጠራል። ካርቶኑ ላይ 2,700 ወይም 3,000 ኬልቪን የሚል ካገኛችሁ ቢጫማው እሱ ነው። 6,500 የሚለው ነጩ ነው።

ይህ ለምን ያገባናል? መተማና ሁመራ የካላዛር አገር ናቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጥቁር አፈሩ ስንጥቅ ውስጥና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች፣ ማታ ትነክሳለች፣ ብርሃንም ይስባታል። አጥኚዎች ራሳቸው የሚይዟት በመብራት ወጥመድ ነው። በየዓመቱ ከደጋው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወቅታዊ ሠራተኛ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቆላ ይወርዳል፣ ከግራር ሥር ውጭ የሚያድር ደግሞ የበለጠ ተጋላጭ ነው። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ወባውም አለ።

ስለዚህ ደማቁን መብራት ሠራተኛው ከሚተኛበት ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። ማደሪያው ጋ ትንሽ፣ ቢጫማ፣ ወደ ታች የዞረ ይበቃል፣ ከመኝታ ሰዓት በኋላ ይጥፋ። አጎበርን መብራት አይተካውም፣ አጎበሩ ይኑር።

ለምርቱም ያው ነው። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ለመድረቅ የቆመው ነዶ (ሂላው) አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ደማቅ መብራት አታብሩ። ዘሩን የሚመጥ ተባይ እዚያው ክምሩ ውስጥ እያለ ሌላ በራሪ ጨምሮ መጥራት ምን ያደርጋል? ጥበቃው የእጅ ባትሪ ይያዝ። ኩራዝና ሻማ ግን ወደ ሂላና ወደ ማሽላ አገዳ ፈጽሞ አይጠጉ። የደረቀ የሰሊጥ አገዳ እሳት ሲነካው የዓመት ልፋት በደቂቃ ነው የሚሄደው።

በተቃራኒው ሚዛኑና መጫኛው ጋ መብራት አትሰስቱ። መኪና አምሽቶ ሲደርስ በስልክ መብራት ይጫናል። ጆንያ ይቀደዳል፣ ሰሊጥ ሸራው ላይ ሳይሆን አፈሩ ላይ ይፈሳል፣ ከአፈሩ ጋር ተጠርጎ ይገባል። ከዚያ ናሙናው ምርት ገበያ መጋዘን ሲወሰድ ባዕድ ነገሩ ይቆጠርና ደረጃው ይወርዳል። 20 ዋት ወደ ታች የዞረ ኤልኢዲ ፓውዛ ሚዛኑ ላይ መስቀል ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ያድናል። በኪሎ የሚጣሉ ሰዎችም ሚዛኑን በዓይናቸው ያዩታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አካባቢያችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በዚህ ወቅት ከሩቅ የሚታይ ካምፕ ሁሉም ቦታ የሚወደድ ነገር አይደለም። የሞተር ድምፅ የሌለው፣ ክዳን ያለው፣ ወደ ታች ብቻ የሚያበራ መብራት ለዚህም ይጠቅማል።

ስትገዙ የምትጠይቁት

ገበያው ውስጥ መናኛ ኤልኢዲ ሞልቷል። "15 ዋት" ተብሎ ተጽፎበት 7 የማይሞላ አለ። ስለዚህ፦

ዋትን ሳይሆን ሉመንን እዩ። የድሮ ባለ 60 ዋት ብርሃን 800 ሉመን አካባቢ ነው። ሉመን ያልተጻፈበትን ተዉት።

ጅምላ ከመግዛታችሁ በፊት አምስት ገዝታችሁ ሁለት ሳምንት አብሩ። መናኛ አምፖል ብዙ ጊዜ ቶሎ ነው የሚጋለጠው። የጄኔሬተር ቮልቴጅ መዋዠቅ በተለይ ርካሹን ኤልኢዲ ያቃጥላል።

ለሶላር የምታገናኙት ከሆነ በ12 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ ኤልኢዲ ፈልጉ። ኢንቨርተር አያስፈልገውም፣ ብክነቱም ይቀንሳል። ግን በ12 ቮልት ሽቦ ሩቅ አትዘርጉ፣ ኃይሉ መንገድ ላይ ያልቃል። ከካምፑ ራቅ ላለ የጥበቃ ማማ ራሱን የቻለ የሶላር መብራት ይሻላል።

የመኪና ባትሪ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ነው፣ ሌሊት ሙሉ ሲፈስ በጥቂት ወር ይሞታል። ለሶላር የተሠራውን ጠይቁ። ሊትየም ውድ ነው፣ ግን አብዛኛውን አቅሙን መጠቀም ስለሚቻልና ዕድሜው ስለሚረዝም ሂሳቡን ሠርታችሁ ወስኑ።

ባትሪውን ጥላ ሥር፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አድርጉት። የመተማ ሙቀት ባትሪ ይገድላል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ወቅቱ ሲያልቅ ባትሪውን ካምፕ ጥላችሁ አትሂዱ። የአሲድ ባትሪ ባዶውን ከህዳር እስከ ሰኔ ከተቀመጠ በቀጣዩ ዓመት አይነሳም። ሞልታችሁ ወደ ከተማ አስገቡት፣ በየወሩ ሙሉት። ፓኔሉንም ተነቃይ ብረት ላይ እሰሩትና አብራችሁ አምጡት።

ለቡና ወገኖቻችን

ጅማ፣ ይርጋጨፌና ጉጂ ያላችሁ የእጥበት ጣቢያ ሰዎች ይህን ስታነቡ "የኛም ነው" እንደምትሉ አውቃለሁ። እሸት ቡናው ማታ ይደርሳል፣ ፈልፈላው ሌሊት ይሄዳል። መፈልፈያው ሲሠራ ሞተሩ ለማንኛውም ስለሚነሳ የመብራት ተጨማሪ ወጪው ትንሽ ነው። ወጪው ያለው መፈልፈያው ከቆመ በኋላ ለአልጋው ጥበቃና ለመጋዘኑ ብቻ ሞተሩ እስኪነጋ ሲሮጥ ነው። እነዚያን ሰዓታት ለይታችሁ ቁጠሩና ለነሱ ብቻ የሚበቃ ኤልኢዲና ሶላር ግዙ።

ማን ይግዛ? መቼ?

ክፍያውን ለመፈተሽ ቀላል ቀመር አለ። ሻጩ የጠራላችሁን የሙሉ ዕቃ ዋጋ (ፓኔል፣ ባትሪ፣ መቆጣጠሪያ፣ ሽቦ፣ አምፖል) በሌሊት ከምታወጡት የናፍጣ ብር አካፍሉት። ለምሳሌ 90,000 ብር ቢላችሁ፣ በሌሊት 500 ብር ከሆነ፣ 180 ሌሊት። አንድ ወቅትና የቀጣዩ 30 ሌሊት ማለት ነው። ከሁለት ወቅት በላይ የሚወስድ ከሆነ ወይ ዕቃው ተጋኗል ወይ ካምፓችሁ ያን ያህል ናፍጣ አያወጣም። በግምት አትሂዱ። አንድ ሌሊት ታንከሩን ሙሉ፣ 5 ሰዓት አስነሱ፣ ጠዋት በተለካ ጀሪካን መልሳችሁ ሙሉ። የገባው ሊትር እውነተኛ ቁጥራችሁ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፦ አልሚው ስለ መብራት የሚያስበው ሰኔ ላይ ነው፣ ብር የሚያጥረውም ሰኔ ላይ ነው። ዘር፣ ትራክተር፣ አረም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል፣ በዚያ ላይ ለሶላር የሚሆን ብር አይገኝም፣ ወይም በአራጣ ይገኛል። ሰሊጥ ተሽጦ ብር እጅ ላይ ያለው ከህዳር እስከ ጥር ነው። ዕቃው ከውጭ የሚገባ ነው፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የገቢ ዕቃ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም አይተናል። ለሰኔ የሚያስፈልገውን በጥር መግዛት ነው ብልህነቱ።

ዩኒየኖች፣ ማዳበሪያና ጆንያ በጋራ እንደምትገዙት ይህንንም በጋራ መግዛት ትችላላችሁ። 40 አባል አንድ ዓይነት ዕቃ ሲጠይቅ አስመጪው ዋስትናም ባለሙያም ይሰጣል። አንድ አባል ለብቻው ሲሄድ ካርቶን ብቻ ይሰጠዋል።

ቅድሚያ ብር የምትሰጡ ነጋዴዎችና ላኪዎች፣ በየክረምቱ ለናፍጣ ብላችሁ የምትሰጡትን ብር አስቡት። ያ ብር በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ትሰጣላችሁ። የዚያን ግማሽ በዕቃ ሰጥታችሁ በሁለት ወቅት ሰሊጥ መቀበል ለሁለቱም ወገን የሚያዋጣ ውል ነው። ውሉ ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ባትሪው ቢሞት ማን እንደሚተካው ጭምር ይጻፍ።

ባጭሩ፦ ቆጣሪ ካላችሁ አምፖሉን ዛሬ ቀይሩ። ጄኔሬተር ካላችሁ አምፖሉን ቀይሩና ሞተሩን ማታ የምታጠፉበትን መንገድ አብራችሁ አዘጋጁ። ግማሹን ብቻ የሠራ ሰው ከ500 ብር 100 ብር ነው የሚያድነው።

ይህን ያደረጋችሁ ካላችሁ የለካችሁትን ሊትርና የከፈላችሁትን ዋጋ በኮሜንት ጻፉልን፣ ሌላው ይማርበት። ካምፕ ላላቸው ወዳጆቻችሁም አጋሩ።

መልካም ገበያ።